ኢንተርኔት የመንገድ ዳር ሰሌዳ አይደለም፦ ለባንኮች፣ ለሆቴሎችና ለንግድ ድርጅቶች ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በኢትዮጵያ ለሚሠሩ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ሆቴሎች፣ የትራንስፖርት ድርጅቶች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና ሌሎች የንግድ ተቋማት የሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ደንበኞቻችሁ በኢንተርኔት ላይ ፈልገው ስለሚያጡት መልስ

ክቡራንና ክቡራት፤

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የዕለቱን የመግዣና የመሸጫ ዋጋ በራሱ ያወጣል። ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ደመወዟን ተቀብላ ለእናቷ ገንዘብ ከመላኳ በፊት ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የሳዑዲ ሪያል በየትኛው ባንክ ስንት ብር ያወጣል? ቁጥሩን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይበቃት ነበር። አንዳንዶቻችሁ ግን ሠንጠረዡን በድርጅቱ ቀለም አስውባችሁ፣ አርማውን ከላይ፣ መፈክሩን ከታች አድርጋችሁ፣ እንደ ፎቶግራፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ትለጥፉታላችሁ። ስልኳ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ደቅቆ አይነበብም። በፍለጋ አይገኝም። የትናንቱና የዛሬው ተቀላቅለው ይመጡባታል። የጥቁር ገበያው ደላላ ግን በዋትስአፕ «ዛሬ በዚህ ያህል እንቀበላለን» ብሎ በአንድ መስመር ይጽፍላታል። ወዴት እንደምትሄድ መገመት አይከብድም።

እኔ ለድርጅቶች ድረ ገጽ በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። በስብሰባ ክፍሎቻችሁ ተቀምጬ ስለ ቀለም፣ ስለ አርማው መጠን፣ የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶግራፍ የት ይቀመጥ ስለሚለው ረጅም ሰዓት ሲመከር ሰምቻለሁ። ደንበኛው ምን ሊጠይቅ ይመጣል የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ስብሰባው ሊበተን ሲል ነው፤ ጨርሶ የማይነሣበትም ጊዜ አለ። ችግሩ የገንዘብ እጥረት ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አልነሣም ነበር። ገንዘብማ ታወጣላችሁ። የጎደለው ኢንተርኔት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ መረዳት ነው። በቴሌቪዥን ማስታወቂያና በመንገድ ዳር ሰሌዳ የለመደ እጅ ኢንተርኔትንም በዚያው አያያዝ ይዞታል።

ሰሌዳ የሚሠራው መንገደኛው ሳይፈልገውም ስለሚያየው ነው። በቦሌ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቀና ሲል ከፊቱ ያገኘዋል፤ ቦታውን የተከራየው ድርጅት ዓይኑ በምን ላይ እንደሚያርፍ ወስኖለታል። ቴሌቪዥንም ቢሆን ከዜናው በፊት ያስቀድምና ተመልካቹን ያስጠብቃል። በኢንተርኔት ላይ ይህ ሥልጣን የላችሁም። እዚያ ሰው የሚመጣው ጥያቄ ይዞ ነው። መልሱን ካገኘ ይቆያል፤ ካላገኘ ወደ ሌላው ለመሄድ ከወንበሩ መነሣት እንኳ አያስፈልገውም። ይህን የዘመኑ ወጣት ትዕግሥት ማጣት ነው የምትሉ ኃላፊዎች አጋጥማችሁኛል። መረቡ ግን ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፖል ባራን የተባለ መሐንዲስ መልእክትን በትናንሽ ጥቅሎች ከፋፍሎ ማእከል በሌለው መረብ ስለ መላክ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ግዙፉ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ አልተቀበለውም። የስልክ ኩባንያ የሚያውቀው ሁሉም ነገር ከመሀል የሚታዘዝበትን ሥርዓት ነበር። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የተባሉ መሐንዲሶች በ1974 ንድፉን ያወጡት፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው የአሜሪካ መረብ አርፓኔትም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ጀምሮ የተሸጋገረበት የመገናኛ ደንብ የተመሠረተው በሌላ ሐሳብ ላይ ነው። መሀል ያለው መረብ ጥቅሉን ከዚህ ወደዚያ ያደርሳል እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ብልሃቱ ያለው በሁለቱ ጫፎች፣ በላኪውና በተቀባዩ መሣሪያ ላይ ነው። የአንድ ትልቅ ባንክ ሰርቨርና ደብረ ብርሃን ያለ ተማሪ የያዘው ስልክ በዚህ ደንብ ፊት ሁለት ጫፎች ናቸው። ባንኩ የፈጠነ መስመር ሊኖረው ይችላል፤ ከተማሪው በላይ የመሰማት መብት ግን ማንም አልሰጠውም።

ይህ የመሐንዲሶች ወሬ የሚመስለው ሰው ካለ በአገራችን የሆነውን ያስታውስ። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ ማድረግን ከልክሎ ነበር። ከበስተጀርባው የነበረው ግምት ግልጽ ነው፤ ድምፅ የስልክ ድርጅት ሸቀጥ ነው የሚል። መረቡ ግን ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ጥቅል ነው። ጥቅሉን ወደ ድምፅ የሚመልሱት ጫፍ ላይ ያሉት ስልኮች ናቸው። ዛሬ ከጅዳና ከቤይሩት ልጆቿ በኢሞ የሚደውሉላት፣ የልጅ ልጇን በቪዲዮ የምትስም እናት በየሰፈሩ አለች። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ሳለ ወገኖቻችን የሚያወሩበት ሌላ መንገድ አላጡም። ጫፍ ላይ ያለ ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ፈልጎ ያገኛል፤ የእናንተ ምርጫ ከሚፈልጋቸው መካከል መሆን ወይም አለመሆን ብቻ ነው።

አሁን በየቀኑ ወደማየው ነገር ልግባ። አንድ ድርጅት የአገልግሎት ክፍያውን አሻሽሎ ለደንበኞቹ ሊያሳውቅ ነው እንበል። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በኮምፒውተር ትጽፋለች። ይታተማል። ኃላፊው ይፈርምበታል፤ ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል። የእጁ ጥላ በአንድ ወገን ይወድቃል፣ ወረቀቱ ይንጋደዳል፣ ማኅተሙ ዋነኛውን ቁጥር ይጋርዳል። ለሕዝብ የሚወጣውም ይኸው ፎቶ ነው። ጽሑፉ እኮ መጀመሪያውኑ ኮምፒውተር ላይ ነበር! ሊፈለግ፣ ሊነበብ፣ ሊገለበጥ፣ ሊተረጎም የሚችል ጽሑፍ ነበር። ድካም ጨምራችሁ፣ ወረቀትና ቀለም ጨርሳችሁ የማይነበብ አደረጋችሁት።

ማኅተሙ ለምን እንደሚፈለግ ይገባኛል። በስማችሁ ሐሰተኛ የዕጣ ማስታወቂያና ሐሰተኛ የሥራ ቅጥር የሚያሰራጩ አጭበርባሪዎች አሉ፤ ደንበኛው እውነተኛውን እንዲለይ ትፈልጋላችሁ። ሆኖም የማኅተም ፎቶ ማንም በደቂቃዎች ውስጥ ቆርጦ በሌላ ጽሑፍ ላይ ይለጥፈዋል፤ አጭበርባሪዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በኢንተርኔት ላይ ማንነታችሁን የሚመሰክረው በስማችሁ የተመዘገበው አድራሻ ነው። በነጥብ ኢቲም ይለቅ በነጥብ ኮም፣ እናንተ ብቻ የምትጽፉበት ገጽ ላይ የወጣ ማስታወቂያ የእናንተ ነው፤ እዚያ የሌለው የእናንተ አይደለም። ደንበኛን ይህን ማስተማር ቀላል ነበር። ድርጅቱ ራሱ ግን በቢዝነስ ካርዱ ላይ የሚያሳትመው ማንም በነጻ የሚከፍተውን የጂሜይል አድራሻ ከሆነ ደንበኛው እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ይለየው? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ቆይቷል። ሕጉ ቀድሟችሁ ሄዷል።

ጽሑፍን በምስል የማውጣት ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በጊዜው ምክንያት ነበረው። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ነበረው። በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ፊደላችን እንዳይበላሽ ከተፈለገ ፎቶ አድርጎ መላክ ብልሃት ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ዘመናዊ ስልክ እንኳ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» አንድም ሳይሳሳት ያሳያል። ምክንያቱ ከጠፋ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው፤ ልማዱ ቀረ።

የዚህ ልማድ ዋጋ በእናንተ ሪፖርት ላይ አይታይም። ዓይነ ስውር የሆነ የሕግ ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። ስልኩ የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ ያነብለታል፤ አማርኛውንም ጭምር። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ሒሳብ የከፈተበትን ባንክ ገጽ ሲያስስ ሰማሁ። ስልኩ «ምስል» አለ። በጣቱ ወደ ቀጣዩ አለፈ፤ «ምስል»። እንደገና፤ «ምስል»። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ለምዶታል። ውል የሚያረቅቅ፣ ችሎት ቆሞ የሚከራከር ሰው የገዛ ሒሳቡ የአገልግሎት ክፍያ ስንት እንደሆነ ለማወቅ የሌላ ሰው ዓይን መለመን አለበት። ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ቢወጣ ኖሮ ለእርሱ ተብሎ የሚሠራ አንዳች ተጨማሪ ነገር አያስፈልግም ነበር።

ሌላም አንባቢ አለ፤ ማሽኑ። ሰው የሚፈልገውን የሚያገኘው በፍለጋ ፕሮግራም በኩል ከሆነ ዘመናት አለፉ፤ አሁን ደግሞ በሰው ቋንቋ ጠይቆ መልስ የሚቀበልባቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶች መጥተዋል። እነዚህ ማሽኖች አማርኛን የሚማሩት በድር ላይ ተጽፎ ከሚያገኙት ነው። የቤት ብድር ውል፣ የመድን ሽፋን ዝርዝር፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ደንብ በጥሩ አማርኛ የሚጻፈው በእናንተ ቢሮ ውስጥ ነው። እናንተ ፎቶ አድርጋችሁ ስታወጡት ቋንቋችን በድር ላይ ድሃ ሆኖ ይቀራል፤ ስለ ድርጅታችሁ የሚጠየቀው ማሽንም ወይ አላውቅም ይላል ወይ ከሌላ ሰው የሰማውን ይናገራል።

ወደ ሆቴሎች ልምጣ። ጥር ሲቃረብ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ከዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከለንደን አልጋ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። የሆቴሉን ድረ ገጽ ይከፍታል። መጀመሪያ ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ፣ ቀጥሎ ስለ ከተማዋ ታሪክ ረጅም ጽሑፍ፣ ከዚያ የምግብ አዳራሹ ፎቶዎች። አዳሩ ስንት ነው? «ለዋጋ ይደውሉልን»። ዋሽንግተን ያለው ሰው ጊዜ የሚያገኘው ከሥራ ሲገባ፣ ማታ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጎንደር ገና ጎህ አልቀደደም። ስልኩን የሚያነሣ የለም። ጄኔሬተር አለ ወይ፣ ውኃ ሃያ አራት ሰዓት ይመጣል ወይ፣ ከአየር ማረፊያ የሚቀበለኝ መኪና አለ ወይ የሚለውም መልስ አላገኘም። ስለዚህ የሆቴል ማስያዣ ወደሆነ የውጭ ኩባንያ ገጽ ይሄዳል፤ እዚያ ዋጋው ተጽፏል። ሆቴሉ እንግዳውን ያገኘዋል፤ ግን ለአገናኙ ኩባንያ ኮሚሽን ከፍሎ ነው፤ በተለምዶም ከመቶ 15 አካባቢ ይሆናል። ያውም በውጭ ምንዛሪ።

ዋጋ ለምን እንደማይጻፍ ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ «ተፎካካሪ እንዳያየው» የሚል ነው። ተፎካካሪያችሁ በሁለት ሕንፃ ርቀት ላይ ያለ ሆቴል ነው፤ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛው ከእናንተዋ ጋር ቡና ይጠጣል፤ ዋጋችሁን ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል። የደበቃችሁት ከከፋዩ ነው።

አንድ ሥራ አስኪያጅ አዲሱን ገጽ በቢሮው ትልቅ ስክሪን ላይ አይቶ በደስታ ሲጨብጠኝ፣ ያንኑ ገጽ ኪሴ ውስጥ ባለው ርካሽ ስልክ በሞባይል ዳታ ከፈትሁለት። ነጭ ገጽ ላይ ክብ ምልክት ሲሽከረከር ቆየ። አርማው ብቅ አለ። ቪዲዮው እስኪመጣ ስንጠብቅ ሻያችን ቀረበ። «ኔትወርኩ ነው» አለኝ። አዎ፣ ኔትወርኩም ነው። ነገር ግን ደንበኛው ያለው በዚያ ኔትወርክ ላይ ነው፤ ዳታውንም የሚገዛው በገንዘቡ ነው። ቪዲዮውን እናንሣውና ዋጋውን እንጻፍ ብዬ ብለምነው ቪዲዮው ብዙ እንደወጣበት ነገረኝና በዚያው ቀረ።

ቀጥሎ የማነሣው ብዙዎቻችሁ «ድረ ገጽ ምን ያደርጋል፣ ሕዝቡ ያለው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው» የምትሉትን ነው። እውነት አላችሁ፤ ሕዝቡ እዚያ ነው፤ እናንተም እዚያ ሁኑ። ነገር ግን ያላችሁ ሁሉ እዚያ ብቻ ሲሆን በሰው ግቢ ውስጥ ያለ ውል ቤት መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 የፌስቡክ ኩባንያ በጥገና ላይ በሠራው ስሕተት የገዛ መስመሮቹን ከመረቡ አወጣቸውና ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ላይ ጠፉ። ኢንተርኔት ግን አልጠፋም፤ የራሱ ገጽ የነበረው ነጋዴ በሩ እንደተከፈተ ዋለ። በአገራችን ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ነበር። ልብስ፣ ጫማና የቤት ዕቃ በቴሌግራም ቻናል ብቻ የሚሸጡ ብዙ ወጣት ነጋዴዎች ደንበኞቻቸው ገደቡን የሚያልፈውን ፕሮግራም፣ ቪፒኤን፣ እስኪጭኑ መጠበቅ ነበረባቸው። ድሮም የደንበኞቻቸው ስልክ ቁጥርና ኢሜይል በእጃቸው አልነበረም፤ ተከታዮች ነበሯቸው፣ ተከታዮቹ ግን የመድረኩ ነበሩ።

«እንግዲያው የራሳችንን መተግበሪያ ሠርተን ሁሉንም እዚያ ውስጥ እናስገባለን» የሚለውም መፍትሔ አይሆንም። ለባንክ ዝውውር መተግበሪያ ያስፈልጋል። ቅርንጫፋችሁ የት እንደሆነና ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ለማወቅ ግን መተግበሪያ አውርድ፣ ተመዝገብ፣ የይለፍ ቃል አስገባ ማለት በሩን መቆለፍ ነው። ሰዎችን በግድግዳ ውስጥ አስቀምጦ ሁሉን ነገር እዚያው የመሸጥን ሕልም ከእናንተ በፊት ያለሙት ነበሩ። አሜሪካ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በስልክ መስመር እየደወሉ ወደ እርሱ የሚገቡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደንበኞች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 ታይም ዋርነር ከተባለው የፊልምና የመጽሔት ኩባንያ ጋር እንደሚዋሀድ አስታወቀ፤ ተመልካቹም ዝግጅቱም በአንድ እጅ ሊሆን ነው ተባለ። ፈጣን መስመር ሲስፋፋ ደንበኛው ግድግዳውን ትቶ ወደ ሰፊው ድር ወጣ። የተዋሀደው ኩባንያ ለ2002 ዓመት ያስመዘገበው ኪሳራ ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2009 ተለያዩ።

ሊንክን በተመለከተም ያለው ግንዛቤ ያሳስበኛል። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን በተባለ የፊዚክስ ምርምር ማእከል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀደው ድር፣ ሰርን ደግሞ ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለዓለም የለቀቀው፣ የተሠራው በሊንክ ነው። ማንም ሰው ሳያስፈቅዳችሁ ወደ ገጻችሁ ሊያመለክት ይችላል። ይህን እንደ ሌብነት የቆጠሩ ትልልቅ ድርጅቶች ነበሩ። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳታሚዎች የፍለጋ ፕሮግራሞች የዜናቸውን ቅንጫቢ ስላሳዩ ክፍያ እንዲጠይቁ የሚያስችል ሕግ ወጣ። ጉግል መክፈሉን ትቶ ቅንጫቢውን ማሳየት አቆመ። ሳምንታት ሳይቆይ አክሴል ሽፕሪንገር የተባለው ኃያል አሳታሚ ከጉግል ፍለጋ የሚመጣለት አንባቢ ከመቶ 40 ገደማ፣ ከጉግል ዜና የሚመጣው ደግሞ ከመቶ 80 ገደማ እንደወደቀበት ተናግሮ ቅንጫቢው ያለ ክፍያ እንዲመለስ ፈቀደ። ጉግል ሁሉ ልክ ነው ለማለት አይደለም፤ አሳታሚዎች በማስታወቂያ ገቢ መቀማታቸው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ሆኖም በሊንክ በኩል የሚመጣውን ሰው ሌባ ብለው ጠሩት፤ እንግዳቸው ግን እርሱ ነበር።

እናንተ ሊንክን አልከሰሳችሁም፤ ትገድሉታላችሁ። አዲስ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በመጣ ቁጥር ገጹ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የቀድሞው አድራሻ ሁሉ ይጠፋል። የአምናው ዓመታዊ ሪፖርት፣ የጨረታ ውጤት፣ ለባለ አክሲዮኖች የተላለፈ ጥሪ የነበረበት ቦታ ሲከፈት «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ስለ እናንተ የጻፈው ጋዜጠኛ፣ ጥናቱ ላይ የጠቀሳችሁ ተማሪ፣ «እዚህ ነው ያለው» ብሎ ለወንድሙ የላከ ደንበኛ፣ ሁሉም በእናንተ ምክንያት ውሸታም መሰሉ። ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚያሻግር መስመር መጻፍ ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው፤ በውላችሁ ውስጥ ስለማትጠይቁት ግን ማንም አይሠራላችሁም። እኔ በራሴ ውል ውስጥ ማስገባት ከጀመርሁ ወዲህ እንኳ «ይህ ምንድን ነው፣ ዋጋውን ቀንስበት» የሚለኝ አለ።

የሚያስቆጣኝ ግን የቅሬታ ነገር ነው። አንዲት እናት በድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ ሥር ኤቲኤም ገንዘቧን ሳይሰጣት ከሒሳቧ እንደቀነሰባት ትጽፋለች። ሰላምታ አስቀድማ፣ በትሕትና፣ ቀኑንና ቅርንጫፉን ጠቅሳ ነው የጻፈችው። ከሰዓታት በኋላ አስተያየቷ ጠፍቷል። ያጠፋው ሠራተኛ የድርጅቱን ስም የጠበቀ መስሎታል፤ የሰሌዳ ሰው ያስባል እንዲህ፤ ሰሌዳ ላይ የቆሸሸ ነገር ይጠረጋል። እርሷ ግን ጫፍ ላይ ያለች ሰው ናት። አስቀድማ ፎቶ አንሥታዋለች፤ አሁን በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ቡድን ውስጥ ቅሬታዋንም መጥፋቱንም ታወጣለች። ከሥሩ ሌሎች «እኔም» እያሉ ይጽፋሉ። አንድ ሰው ከድርጅቱ ወገን «እማማ፣ ጉዳይዎን ተመልክተናል፤ ገንዘብዎ ይመለስልዎታል» ብሎ በዚያው ቦታ በግልጽ ቢመልስላት ኖሮ ያንን መልስ ያነበበ ሁሉ የሚያስታውሰው መልሱን ነበር። መልስ ለመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው ገጹ ላይ አታስቀምጡም፤ የምታስቀምጡት የበዓል እንኳን አደረሳችሁ ምስል የሚለጥፍ ወጣት ነው። ወጣቱ ጥፋተኛ አይደለም። ስለ ገንዘቧ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀውንም ሰው ስልክ አልሰጣችሁትም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ዋጋ፣ ተመን፣ ሰዓት፣ አድራሻና ቅድመ ሁኔታ በጽሑፍ ይውጣ፤ በአማርኛ፣ ደንበኞቻችሁ በሚናገሩት በሌላውም ቋንቋ፤ ቀኑም አብሮ ይጻፍ። ምስሉን ከወደዳችሁት ከጎኑ ይቀመጥ፤ ጠላትነት የለኝም። ማስታወቂያ መጀመሪያ በራሳችሁ አድራሻ ላይ ይውጣ፤ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም የሚሄደው ሊንኩ ይሁን። አንድ ጊዜ የሰጣችሁትን አድራሻ አትግደሉት። ገጹን ስትረከቡ በቢሮ ስክሪን አትርከቡት፤ የጥበቃ ሠራተኛችሁን ስልክ ተውሳችሁ በእርሱ ዳታ ክፈቱትና አስቀድማችሁም ዳታውን ሙሉለት። ቅሬታ የሚመልሰው ሰው የመወሰን ሥልጣን ይኑረው፤ ስሙን ባይጽፍ እንኳ የሥራ ኃላፊነቱን ይጻፍ።

የብሔራዊ ባንክ ኃላፊዎችም ይህን ደብዳቤ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ባንኮች የዕለት ተመናቸውን ሰውም ማሽንም በሚያነበው መልክ፣ በማይለዋወጥ አድራሻ ላይ እንዲያወጡ የሚያዝዝ አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል። ለባንኮቹ የሚጨምረው ወጪ የለም ማለት ይቻላል፤ የአዲስ አበባ ወጣት ፕሮግራመሮች ደግሞ ተመኑን ሁሉ ጎን ለጎን የሚያሳይ ገጽ ሠርተው በሳምንቱ ያወጡታል።

አልስማማም የምትሉት ነጥብ ካለ መልሳችሁን በራሳችሁ ገጽ ላይ፣ በጽሑፍ አውጡት፤ እኔም ሊንኩን ከዚህ ደብዳቤ ሥር አኖረዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

ድረ ገጽ በመሥራት የሚተዳደር የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር